«ግፋዋ!»

አንድ የሰፈሬ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጀርመን ስደርስ ሞተር ገዝቼ ምግብ አደርሳለሁ። ያዋጣል አይደል?» ሱሉልታ ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

አምና ለገና ከጀርመን አገር ቤት ገብቼ ነበር። የሱሉልታን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዋዜማው የአክስቴን ልጅ ሞተር ተውሼ ገበያ ወጣሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ መንዳት በ2011 ከተከለከለ ወዲህ እንደ ልብ የሚነዳው እንዲህ ከከተማው ወጣ ሲሉ ነው።

ሁለት ዶሮ ገዝቼ መሪው ላይ አንጠለጠልኩ። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጠቅ። ደግሜ ተጫንኩ። ጠቅ። መብራቱ ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ያረጀውንማ ይጨርሰዋል። በእግር የሚረገጠው ማስነሻም ከተሰበረ ቆይቷል።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኬን አወጣሁ! ዘጠኝ ዓመት ጀርመን ስኖር መኪና እምቢ ሲል የለመድኩት መደወል ነው። ሰው ይመጣል፣ ያስነሳል፣ አስፈርሞ ይሄዳል። ሱሉልታ ላይ ለማን ይደወላል? ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ግፋዋ!» ብሎ ዘጋው።

ገፋኋት። ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። ሊስትሮዎቹ ሥራ አቁመው ያዩኛል። የአክስቴ ጎረቤት፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ከኋላ ይገፉልኝ ጀመር። ለካ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው! በዚያ አያያዝ ጎጃም ድረስ ብንገፋት አትነሳም።

«ልጄ፣ መኪና ፋብሪካ ነው የሚሠራው ብላን አልነበር አክስትህ?» አሉኝ እያለከለኩ።

ፋብሪካው እውነት ነው። እኔ ግን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የምደረድረው። ይህን እዚያ መንገድ ላይ፣ በዶሮ ጩኸት መሃል፣ እንዴት ላስረዳ?

አንዱ ትንሽ ሊስትሮ አዘነልኝ። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ያስገቡ። ፍሪሲዮኑን ይያዙ። ሮጥ ስንል ይልቀቁ።» አንደኛ ጎማውን ይይዘዋል አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየና «ቁልፉንስ ከፍተዋል?» አለኝ። አልከፈትኩም። ስደውል ዘግቼዋለሁ።

ሦስት ሊስትሮዎች እየገፉ ሮጡ፣ ለቀቅኩ፣ ተንፈራፍራ ተነሳች። ደግነቱ ሞተሯ ባለ ካርቦሬተር ናት። ነዳጅ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚስቡት አዳዲሶቹ ባትሪያቸው ጨርሶ ከሞተ ተገፍተውም ላይነሱ ይችላሉ። ብቆም ትጠፋለች ብዬ ፈራሁ፤ ሳላመሰግን ፈረጠጥኩ። «ጋሼ፣ የሻይ!» የሚለው ጩኸታቸው እስከ ቤት ተከተለኝ። በማግስቱ ሄጄ ሰጠኋቸው፤ ጫማዬንም አስጠረግኩ።

ለሰፈሬ ልጅ እንዲህ ብዬ መለስኩለት። የኛ መንጃ ፈቃድ እዚህ ነዋሪ ከሆንክ በኋላ የሚያገለግልህ 6 ወር ነው። ከዚያ የጽሑፍም የመንገድም ፈተና አለ። የጽሑፉን ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋ ይሰጣሉ፤ አማርኛ የለበትም። ሞተር በየ2 ዓመቱ ይመረመራል፤ በሽቦ ታስሮ የሚያልፍ ነገር የለም። እኔ የማያቸው ምግብ አድራሾችም በረዶ እየጣለም ብስክሌት የሚረግጡ ናቸው።

አንብቦ ትንሽ ቆየ።

«ገባኝ» አለ። «ያገለገለ ሞተር ግን እዛ ስንት ነው?»