በአየር ላይ «ቡና» ጻፍኩ

ልጅ ሆነን የቡሄ ዕለት ማታ ችቦ ሲለኮስ፣ ጫፉ ፍም የሆነ ጭራሮ አንስተን በጨለማ እናሽከረክር ነበር። ቀይ ክብ ይታያል። እናቴ «በእሳት የተጫወተ ማታ ይሸናል» እያለች ትቆጣለች። እኔ ግን ክቡን አይቼ አልጠግብም። ፍሙ በአንድ ጊዜ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዓይናችን ግን ያየውን ብርሃን ቶሎ አይለቅም፤ ለሴኮንድ አንድ አስረኛ ገደማ ይዞት ይቆያል።

ክረምት ላይ መብራት በጠፋበት ምሽት ይህን ለእህቴ ልጅ አወራኋት። «ታዲያ በክብ ፋንታ ፊደል አይሆንም ጋሼ?» አለችኝ። ነገሩ ከዚህ ተጀመረ። ስራዬ እዚህ ጅማ የቡና መጋዘን ሂሳብ መያዝ ነው። የብየዳ ካውያ ጨብጬ አላውቅም።

አርዱይኖ ናኖ የምትባለውን፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍላትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ዘመዴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልኝ። 8 ቀይ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት)፣ ሬዚስተር (ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚገድብ) እና ሽቦ ከመርካቶ፣ ከኛው ከጅማው መርካቶ ማለቴ ነው፣ ገዛሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። 8ቱ መብራቶች በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ሰሌዳዋ የፊደሉን አንድ ዓምድ ታበራለች፣ እጅ ትንሽ ይሄዳል፣ ቀጣዩን ዓምድ ታበራለች። ዓይን ይገጣጥመዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ምንም አልታየም። ቆሞ ሲበራ የሚታየው መብራት ሲወዛወዝ ድራሹ ጠፋ። ሰሌዳውን ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ሬዚስተርህ ሦስቱም ቀለበት ቀይ ነው እኮ» አለኝ። የሬዚስተር መጠን የሚታወቀው በቀለበቶቹ ቀለም ነው፤ መለኪያው ኦም ይባላል። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ ማለት 2200 ኦም ነው። እኔ የፈለግኩት 220 ነበር፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ። በ5 ቮልት፣ በ220 ኦም አንድ ቀይ ኤልኢዲ 13 ሚሊአምፔር ገደማ ያገኛል። በ2200 ግን ከ1 ብዙም አይበልጥ። የሚወዛወዝ መብራት ብርሃኑ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ደብዛዛ ከሆነ ዓይን አይዘውም። የቡና ሰው ሆኜ ቡናማ መለየት አቃተኝ።

ብሬድቦርድ በሚባለው፣ ያለ ብየዳ ሽቦ በሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ የሰካኋቸው ሽቦዎችም በውዝዋዜው እየተነቀሉ አስቸገሩኝ። ስለዚህ ሁሉንም በየድኩና የእንጨት ማስመሪያ ጫፍ ላይ አሰርኩት። ፓወር ባንክ ብጠቀም ደግሞ በየግማሽ ደቂቃው ይጠፋል። ሰሌዳዋ የምትወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ የተሰካ ነገር ያለ አይመስለውም። ሦስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ አገናኝቼ ተገላገልኩ፤ 4.5 ቮልት ይበቃታል።

ከዚያ ፍጥነቱ። በአንዱና በሌላው ዓምድ መካከል 50 ሚሊሴኮንድ ሰጥቼ ነበር። የታየው የተበታተነ ነጥብ ነው። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። ማስመሪያው በውዝዋዜው መሃል በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ቢሮጥ፣ በ50 ሚሊሴኮንድ 15 ሴንቲሜትር ይሄዳል። በ2 ሚሊሴኮንድ ግን 6 ሚሊሜትር። መብራቶቼ የተራራቁትም በ6 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩን ወደ 2 ስቀይረው ፊደሉ አየር ላይ ቆመ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ጎረቤት በር ተከፈተ።

ለሙከራ የመረጥኳት ፊደል «በ» ነበረች። ጣሪያና ሁለት እግር፣ 5 ዓምድ፣ አለቀ። በጣም አምራ ታየች። ታዲያ «ቡና» ብዬ ስጽፍ ዝብርቅርቁ ወጣ። የ«ቡ» ጭረት አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። እጄ ሲመለስ ዓምዶቹ ከኋላ ወደ ፊት እየተነበቡ ነበር! ስህተቱ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ «በ» ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ሸሸገችብኝ። አሁን የምሞክረው በ«ባ» ነው። ከተገለበጠች «ቦ» ትሆናለች፤ ወዲያው ትጋለጣለች።

መፍትሄው ከእስክሪብቶ ሆድ ወጣ። ትንሿን ሞላ አንድ ጫፏን አሰርኩ፤ ከጎኗ ምስማር አቆምኩ። እጄ ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲመለስ ሞላዋ ወደ ውጭ ተጣጥፋ ምስማሩን ትነካለች። ሰሌዳዋም «አሁን ጀምሪ» የሚል ምልክት ይደርሳታል። ምስማሩን መጀመሪያ በግራዬ ነበር ያቆምኩት። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ግን የእኔ ቀኝ የእሱ ግራ ነው፤ ንባቡም ከዚያ ይጀምራል። ነቅዬ አዛወርኩት። ምልክቱ እንደደረሰም ወዲያው መጻፍ አያዋጣም። ጠርዝ ላይ እጅ ዝግ ስለሚል ፊደሉ ይጨማደዳል። 100 ሚሊሴኮንድ ገደማ ጠብቃ፣ እጄ መሃል ሲደርስ እንድትጽፍ አደረግኳት።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ የእህቴ ልጅ ማስመሪያውን ይዛ ደጅ ወጣች። የሰፈሩ ልጆች ፊደል እየቆጠሩ አነበቡ። ጎረቤታችን እትዬ በራቸው ላይ ቆመው አዩና «ቡና ካልክ አይቀር አቦሉን ጻፍልና!» አሉኝ። «አ»ን በ8 ነጥብ ማሳመር ሁለት ማታ ወሰደብኝ። «ል» ገና ናት።