ካርዱ ሲበላ፣ ኬብሉ ሲነድ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ጌም ስከፍት ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል ብያችሁ ነበር። ጥፋተኛው ተገኝቷል። እኔው ነኝ።

ማሽኑ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ፓወር ሳፕላዩ (ለሁሉም ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) 290 ዋት። የገዛሁለት አርቲኤክስ 3060 የግራፊክስ ካርድ ደግሞ 170 ዋት ይፈልጋል። 290 ከ170 ይበልጣል፣ አለቀ አልኩ። ፕሮሰሰሩን እንኳ አልደመርኩም።

ለካ ስንት ዋት አለ ከማለት በፊት ዋቱ በየት በኩል ይመጣል ማለት ነበረብኝ። ካርዱ ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ የሚሰካበት ረጅሙ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ ውስጥም በ12 ቮልት፣ ማለትም ካርዱ በዋናነት በሚጠቀምበት መስመር፣ የሚመጣው 66 ብቻ ነው። ቀሪው መቶ ገደማ ዋት በኬብል መድረስ አለበት። ባለ 6 ፒኑ (ፒን የመሰኪያው እግር ነው) ኬብል 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያደርሳል። የኔ ፓወር ሳፕላይ አንዱም የለውም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? የሃርድ ዲስክ ሳታ መሰኪያን ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ግጥም ይላል፣ ካርዱም ይበራል። ባይገጥም ይሻለኝ ነበር! ሳታ ለ12 ቮልት ያለው 3 ፒን ነው፤ እያንዳንዱ 1.5 አምፒር ይሸከማል። ሲባዛ 54 ዋት። እኔ እጥፍ ገደማ ጫንኩበት። ስነቅለው ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኗል፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ ነው። እቤታችሁ እንዲህ ያለ አዳፕተር ካለ ዛሬውኑ ጣሉት።

አሁን የራሱ ባለ 8 ፒን ኬብል ያለው 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ገጥሜያለሁ። የማዘርቦርዱ መሰኪያ ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ መቀየሪያ ፍለጋ አንድ ሳምንት አንከራተተኝ። 550 በዛ ያላችሁኝ አላችሁ። ካርድ ግን ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይዘላል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 መስፈርት ትልልቆቹ ፓወር ሳፕላዮች ለ100 ማይክሮሰከንድ የአቅማቸውን እጥፍ እንዲችሉ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ በሚባለው የካርዱ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 130 ዋት አውርጄዋለሁ። ጌሙ ላይ ልዩነቱ አልታየኝም፤ ማራገቢያው ግን ጸጥ ብሏል። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ...

ቀጥሎ የቪዲዮ መቅጃ ካርድ ትንሿ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ላይ ልሰካ ነው። ማሽኑ ሲነሳ እሷ የምትፈቅደው 10 ዋት ነው። የካርዱን ወረቀት እያነበብኩ ነኝ፣ በዚህኛው ሳልቸኩል።