አንቺሆዬን በሲንተሳይዘር፦ ከሃያ አራት ትራክ ወደ ሰባት

ለዓመታት ሰርግ ላይ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። እዚያ ድምፁም ሪትሙም መሣሪያው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የኔ ሥራ መርጦ መጫወት ነበር። አንድን ድምፅ ከባዶ ተነስቶ መሥራት ግን አላውቅም ነበር። እንድማረው ያስገደደኝ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ካሴት ነው።

ኃይሉ በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) እና ድራም ማሽን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ቀዳ። ካሴቱን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና ታተመ። አንድ ሰው የሠራው መሆኑን ሳውቅ ደነገጥኩ። አኮርዲዮኑ ሲናገር ሙጉ ዝም ይላል፤ ሙጉ ሲመጣ አኮርዲዮኑ ቦታ ይለቃል።

እኔም ብቻዬን አንድ ዘፈን ልሥራ አልኩ፤ በአንቺሆዬ ቅኝት፣ በችክችካ ምት፣ የመሣሪያው ድምፅ ግን ሙሉ በሙሉ ከሲንተሳይዘር። የመጀመሪያው ሙከራዬ ሃያ አራት ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዳ ድምፅ፣ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ዜማው የታለ?» አለኝ። ልክ ነበር። በማግስቱ ከድምፃዊቷ፣ ከአክስቴ ልጅ፣ ድምፅ በቀር ሁሉንም አጠፋሁ።

ቤዙን ለመሥራት ወደ ሙኒክ ሄድኩ፤ በጆሮዬ ማለቴ ነው። አዘጋጆቹ ጆርጂዮ ሞሮደርና ፒት ቤሎት በ1977 ሙኒክ ውስጥ ለድምፃዊቷ ዶና ሰመር የሠሩት «አይ ፊል ላቭ» ከሞላ ጎደል በአንድ ትልቅ ሙግ የተሠራ ነው። የሚጋልበው ቤዝ ምስጢሩ ቀላል ነው፦ የተጫወተው ኖታ በአንድ ጆሮ ይሰማል፣ በዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ በሚደግም መሣሪያ) ትንሽ የዘገየው ማሚቶ ደግሞ በሌላው ጆሮ ክፍተቱን ይሞላል። ግማሹን ብቻ ትጫወታለህ፣ ሌላውን ግማሽ ማሚቶው ይጫወትልሃል።

ዘዴውን እንዳለ ወስጄ ችክችካ ላይ ስጭነው ግን ምቱ ጠፋ። ሁሉም ኖታ እኩል ሆነና ያ እንደ ፈረስ እርምጃ የሚያነክሰው ነገር ቀረ። ሁለት ሳምንት ያህል ታገልኩት። መፍትሔው የመጣው ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። ዘፈኔ በደቂቃ 100 ምት ነው፤ ስለዚህ አንድ ምት 600 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ችክችካ ምቱን ለሦስት ስለሚከፍለው እያንዳንዱ ክፋይ 200 ይሆናል። ቤዙን በምቱ መጀመሪያ ላይ ብቻ ተጫወትኩና ዲሌዩን 400 ላይ አደረግኩት። ማሚቶው ሦስተኛው ክፋይ ላይ አረፈ፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። እግሬ ሳላዘው መሬቱን መምታት ጀመረ። ማሚቶው አንድ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛ ከተደገመ 800 ላይ ይወድቃል፤ ይኸውም የሚቀጥለው ምት ሁለተኛ ክፋይ ነው፣ ክፍተቱንም ይደፍነዋል።

ከዚያ ኮርዱ፣ አብረው የሚሰሙት ኖታዎች፣ መጣ። የፖፕ ልማድ ቤዙን በመነሻው ኖታና በአምስተኛው፣ ማለትም በዶና በሶል፣ መካከል ማመላለስ ነው። አንቺሆዬ ግን ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ሶል የለም! ያንን ሶል በለመደ እጄ ስነካው ቅኝቱ ወዲያው ይፈርስ ነበር። የጀርባውን ኮርድ ትቼ ዶና ፋን ብቻ አስረዝሜ ያዝኳቸው። ባዶ ይመስላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ድምፅ ሲገባበት ግን ቅኝቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እንቅስቃሴውን የሰጠሁት ኖታ በመጨመር ሳይሆን ፊልተሩን (ድምፁን የሚያደበዝዘውንና የሚያጠራውን ክፍል) በእጄ ቀስ እያልኩ በመክፈት ነው። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ያው ሁለት ኖታ ነው፣ ብርሃኑ ግን ሌላ ነው።

ዜማውን የሚመልሰውን ድምፅ የሠራሁት በጣም በምወደው መንገድ ነው። የድሮው ሚኒሙግ፣ ትንሹ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚያወጣው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ ማሲንቆም ግን አንድ ክር ነው ያለው። ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተትበትን ጊዜ 80 ሚሊሰከንድ ገደማ አደረግኩና፣ መንሸራተቱ ጣቴ ቁልፉን ሳይለቅ ሲሻገር ብቻ እንዲሠራ አዘጋጀሁት። ሁሌም ከተንሸራተተ ሰካራም ይመስላል። ማሲንቆ ተጫዋችም የሚያንሸራትተው ሲፈልግ ነው።

በመጨረሻ የቀረኝ ከበሮው ነበር። ድራም ማሽን ሞከርኩ፣ ከሲንተሳይዘሩም አንድ ሠራሁ፤ ሁለቱም ደረት አይመቱም። «አይ ፊል ላቭ» ላይም ሙጉ የሚያረካ ትልቅ ከበሮ ስላልወጣው ከበሮ መቺው ኪት ፎርሲ በእግሩ መትቶታል። ይህን ሳነብ ከበሮ ተዋስኩና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ውስጥ መቅዳት ጀመርን። የቆዳው ድምፅ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ይረግባል። ሙኒክ ውስጥ ሙጉ ቶሎ ቶሎ ከቅኝት ስለሚወጣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይቀዱ፣ ያቆሙ፣ ይቃኙ፣ ይቀጥሉ ነበር። እኛም አንድ ዙር እየቀዳን ከበሮውን በረንዳ ላይ ፀሐይ እያስመታን፣ እየመለስን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰባተኛውን ትራክ ጨረስን።