ለእጅ መጋዝ የግድግዳ መስቀያ

ለአምስት መጋዝ 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15 ስፋት ያለው የጀርባ ጣውላ ይበቃል። ብዙ ሰው አንዱን ሰፊ ጣውላ አግድም እየሰነጠቀ መደርደሪያ ያወጣል፤ ቃጫውን አቋርጦ ስለሚቆረጥ በስንጥቆቹ መካከል የሚቀሩት የጣውላ ጣቶች ትንሽ ሲነኩ ቅንጥስ ይላሉ። ይልቅ 7 ሳንቲ ስፋት፣ 20 ርዝመት ያላቸውን ስድስት ቁራጮች በ4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ደርድሮ፣ እያንዳንዱን ከጀርባ ጣውላው ጋር ከኋላ በሁለት ባለ 8 ሳንቲ ብሎን ማሰር ነው። ቀድሞ ካልተበሳ ይሰነጠቃል። ምላጩ በክፍተቱ ይወርዳል፣ እጀታው ከላይ ያርፋል። ጥርሱ ወደ ግድግዳ ይዙር።

ዋንዛ ከተገኘ ዋንዛ! እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ተጣሞ ምላጩን ይነክሳል።

ጎጃም ውስጥ ብዙው ቤት ጭቃ ነው፤ ልስኑ ላይ የተመታ ምስማር ይዞት ይወርዳል። በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ሁለት ቋሚ ፈልጎ እነሱ ላይ መምታት ይሻላል። ክረምት ሲገባ ምላጩ ዘይት ይቀባ።