ከብርድ ልብስ ሥር ዜና ማንበብ፦ የአምስት ወር ውሎዬ

ሰላም ጓዶች። "የዜና ንባብ ልምምድህ ከምን ደረሰ?" እያላችሁ ስትነዘንዙኝ፣ እኔም ነገ ዛሬ ስል፣ ይኸው አምስት ወር ሞላ። የጀመርኩት በጥምቀት ማግስት ነው። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰሞን ውርጩ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ማታ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ የለም። ለልምምድ የተመቸ ወቅት ነው።

ለማታውቁኝ፦ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀን የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ማታ ዜና አነባለሁ። የሚሰሙኝ ስልኬና ጎረቤቴ እማማ ብቻ ናቸው። እማማ የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ካመለጣቸው ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም። ከእሳቸው የባሰ ፈታኝ አላገኘሁም።

ነገሩ የተጠናወተኝ ሃይስኩል እያለሁ፣ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነው። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ያቺን የምትጮህ ማይክ ይዤ "ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች" እል ነበር። ድምፄ ወፈር ያለ ስለሆነ ሁሉም "አንተማ ቴሌቪዥን ነህ" ይሉኛል። አመንኳቸው። ከዓመታት በኋላ አንድ ጣቢያ ዜና አንባቢ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። 130 ኪሎ ሜትሩን በሌሊት ተነስቼ፣ የተዋስኩትን ኮት በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አዲስ አበባ ወረድኩ።

ወረቀት ሰጡኝ። ለማየት ሁለት ደቂቃ። ሁለቱንም ደቂቃ ጉሮሮዬን ስጠርግ ጨረስኳቸው። ከዚያ ካሜራው በራ። ሦስተኛው ዜና ላይ "የዋና ፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ" የሚል መጣ። ሁለቱንም "ዋና" አጥብቄ አነበብኳቸው። ፌዴሬሽኑ የሁሉም ፌዴሬሽን የበላይ ሆነ። ደነገጥኩና መለስ ብዬ አነበብኩ። አሁን ደግሞ ሁለቱንም አላላኋቸው። ጸሐፊውም ዋናተኛ ሆኖ አረፈው። ከፈታኞቹ አንዷ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። "እንደውላለን" አሉኝ። እስካሁን አልደወሉም።

እና ይህ ሁሉ ልምምድ የሚነሳው ከዚያች "ዋና" ነው። ያኔ ዜና ማንበብ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልቀው ፊደሉ የማያሳየውን በመፈለግ ነው። ፊደላችን ብዙ ያሳያል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን አይነግርህም። ገና በዓሉም፣ ገና ያልደረሰውም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ልብስ የሚሰፋው ሰፊና የመስኩ ስፋት፣ ማለትም ሰፊው መስክ፣ ወረቀት ላይ አይለዩም። ስናወራ ማንም አይሳሳትም፤ የምንለውን እናውቀዋለና። የሌላ ሰው ጽሑፍ ስናነብ ነው ጣጣው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በመጋቢት ለልምምድ የጻፍኩት አረፍተ ነገር "በድርቁ የተጎዱት ቀበሌዎች ነዋሪዎች በቅርቡ ይረዳሉ" ይላል። ረ ከላላ እነሱ ሌላ ሰው ይረዳሉ፤ ሰጪ ናቸው። ረንም ዳንም ካጠበቅህ እርዳታ ይደርሳቸዋል። ተቀባይ ናቸው። አልፎ ተርፎ ደግሞ ነገሩን ይገነዘባሉ ማለትም ይሆናል። አንዲት ቃል፣ ሦስት ዜና! እኔ በመጀመሪያው ቅጂ የተራበውን ሰው እርዳታ ሰጪ አድርጌዋለሁ። አስቂኙ ነገር፣ ቅጂውን ሦስት ጊዜ ሰምቼው አልታወቀኝም። "የራባቸው ናቸው እንዴ የሚረዱት?" ያሉኝ እማማ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱን አትሜ በእርሳስ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ላይ ነጥብ አደረግኩ። ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ፤ ዓይኔም ተምታታ። አሁን ሊያሳስቱኝ የሚችሉት ላይ ብቻ ነው የማደርገው። በአንድ ገጽ ከአምስት ስድስት አይበልጡም።

ፕሮምፕተር (አንባቢው ካሜራውን እያየ ጽሑፉን የሚያነብበት ዕቃ) መግዛት አቅሜ ስላልሆነ ሠራሁት። አንድ ካርቶን፣ ከፎቶ ፍሬም የወጣ መስታወት፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ሁለት ስልክ። መስታወቱ በ45 ዲግሪ አጋድሎ ይቆማል። ከሥሩ አንደኛው ስልክ ጽሑፉን ገልብጦ ያሳያል፤ መስታወቱ ያቀናዋል። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሌላው ስልክ ይቀርጻል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ፊደል መንታ ወለደ። ለካ ተራ መስታወት ከፊቱም ከጀርባውም ያንጸባርቃል። ቀጭን መስታወት ስቀይር ጥላው ቀነሰ። ቅርብ ሆኜ ሳነብ ደግሞ ዓይኔ ግራ ቀኝ ሲሮጥ ይታያል፤ ሌባ ነው የምመስለው። ራቅ ብዬ፣ በመስመር ሦስት ቃል ብቻ ሳደርግ ዓይኔ ተረጋጋ። (በነገራችን ላይ ይህ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ የታሰበው ለዜና አልነበረም። ቃለ ተውኔት ለሚጠፋባቸው ተዋናዮች ነበር። በወረቀት ጥቅል ነበር የሚዞረው።)

ግን በመስመር ሦስት ቃል ሌላ መዘዝ አመጣ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን የምታውቀው አረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። አንድ ማታ ከራሴ ልምምድ ይህን አነበብኩ፦ "ትናንት ማምሻውን በጎርፍ የተወሰዱት ሁለት እረኞች ሌሊቱን ሙሉ በአካባቢው ነዋሪዎች ሲፈለጉ አድረው ዛሬ ጠዋት በሕይወት"። መስታወቱ ላይ የታየኝ እስከዚህ ነው። ድምፄ ወደ ላይ ወጣ፣ ፊቴ ፈካ። ቀጣዩ መስመር "ሊገኙ አልቻሉም" አለ። ፈገግ እንዳልኩ መርዶ ተናገርኩ። ቅጂው አለኝ፤ አላጠፋሁትም። አሁን ማንኛውንም ዜና ከመቅዳቴ በፊት ግሦቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች አያለሁ። ሌላውን በኋላ።

በዚህ መሃል የዜና አንባቢዎችን ሕይወት ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካዊው ዋልተር ክሮንካይት ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። (የሱን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) በ1916 ሚዙሪ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ። ወጣት ሳለ በሬዲዮ ኳስ ያስተላልፍ ነበር፤ ያውም ሜዳው ሳይኖር! በቴሌግራፍ ከሚመጣለት አጭር መልእክት ተነስቶ ጨዋታውን ፊቱ ላይ እንዳለ አድርጎ ይተርከዋል። በ1937 ዩናይትድ ፕሬስ የሚባል የዜና ወኪል ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ እስከ ጀርመን በረረ። የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግን ችሎት ዘገበ፣ ሞስኮ ሠራ። ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ የተቀጠረው በ1950 ነው። የምሽቱን ዜና ወንበር የያዘው በ1962፣ በ45 ዓመቱ። ያኔ ዜናው 15 ደቂቃ ነበር፤ በዓመቱ 30 ደቂቃ ሆነ። እስከ 1981 ተቀመጠበት።

ቁጠሩልኝ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት 25 ዓመት ሮጧል። እኔ ሁለት ደቂቃ ጉሮሮ ጠርጌ ነበር ወንበሩን የፈለግኩት።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተተኩሶባቸው የሞቱ ቀን፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ክሮንካይት ያነበበውን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። መጀመሪያ የተኩሱን ዜና ሲያሰማ ፊቱ አልታየም። የዚያ ዘመን ካሜራ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድምፁ ብቻ ወጣ። በኋላ ሲታይ ኮት አልለበሰም፣ በሸሚዝ ነው። ወረቀት ይሰጡታል። መነጽሩን አድርጎ ያነባል። ሞተዋል። መነጽሩን ያወልቃል፣ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ሰዓት ያያል፣ ከ38 ደቂቃ በፊት እንደሆነ ይናገራል። መነጽሩን ይመልሳል። ዝም ይላል። ምራቁን ይውጣል። ከዚያ ስለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይቀጥላል። ዝምታው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን ሙሉ ዜና ነው።

እኔም ልሞክራት አልኩ። የሱቄን ደንበኛ መነጽር ተውሼ፣ መርዶ ጽፌ፣ እዚያችው ቦታ ላይ አወለቅኩ፣ ግድግዳ አየሁ፣ ምራቄን ዋጥኩ። ቅጂውን ለእማማ አሳየኋቸው።

"ምነው፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?" አሉኝ።

መነጽሩን መለስኩ። ያቺን ዝምታ ልለማመዳት አልችልም። እሱም ተለማምዷት አይመስለኝም።

ስለ ኬኔዲ ስነግራቸው እማማ ከኔ በላይ ያውቁ ኖሯል። ያኔ ደብረ ሲና አጎታቸው ቤት ልጅ ነበሩ። "ጃንሆይ ለቀብሩ ሄደዋል ሲባል በሬዲዮ ሰምተናል። አጎቴ ድምፅ ይቀንሳል ብሎ ማንንም አያስነካም ነበር" አሉ። እውነትም በሬዲዮ ነው መሆን ያለበት። የኛ ቴሌቪዥን የተጀመረው ከዚያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነዋ።

ፍጥነትን በተመለከተ አጠር ላድርገው። ክሮንካይት በደቂቃ 124 ቃል እንዲሆንለት ራሱን አሠልጥኗል ይባላል፤ ተራው አሜሪካዊ ግን ወደ 165 ያወራል። እኔም 124 ላድርግ ብዬ ተነሳሁ። ትንፋሼ አለቀ። የኛ ቃል እኮ እንደነሱ አይደለም! "አልመጣችላቸውም" የምትለዋ ብቻዋን ዓረፍተ ነገር ናት። ጥር ላይ 131 እያነበብኩ እንደ ጨረታ ማስታወቂያ ነበርኩ። አሁን 102 አካባቢ ነኝ። በጆሮዬ ልክ ይመስለኛል። እናንተስ ስንት ታነባላችሁ? ቆጥራችሁ ላኩልኝ።

ድምፄን ማወፈርም ትቻለሁ። እሱም የእማማ ሥራ ነው። የየካቲት ቅጂዎቼን ሰምተው "አንተ ልጅ፣ ስለ ስንዴ ምርት ስታነብ ምን ያስለቅስሃል? ሁሉም ላይ ሰው ሞቷል እንዴ?" ብለውኛል። ድምፄን ወደ ሆዴ ስጎትተው የየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይወድቅ ነበር። አሁን በማወራበት ድምፅ ነው የማነበው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር "ከ" ናት። ወላጆቼ የመንዝ ሰዎች ናቸው። እኛ ቤት "ኸዚያ" ነው እንጂ "ከዚያ" የሚል የለም። ራሴን ስሰማ፣ ስፈጥን ከአምስቱ አንዷ "ከ" "ኸ" ሆና ታመልጠኛለች። ለዜናው አስተካክላለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳስተካክላት ደስ አይለኝም። አባቴን ያረምኩት ይመስለኛል።

ስቱዲዮዬ አልጋዬ ነው። ቤቴ ከደሴ መንገድ ዳር ስለሆነ ሲኖትራኩ ሌሊትም አይተኛም። ባዶ ግድግዳው ደግሞ ድምፅ ይመልሳል፣ ገደል ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለው። መፍትሔው ብርድ ልብስ ሆነ። የደብረ ብርሃን ልጅ መቼም ብርድ ልብስ አይቸግረውም። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ በገመድ ላይ ዘርግቼ፣ አንዱን ከጀርባዬ ሰቅዬ፣ መሃሉ እቀመጣለሁ። ገደሉ ጠፋ። ሲኖትራኩ ግን አሁንም አንዳንዴ ዜናዬ ውስጥ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ በዚህ ወር ብቻ ስድስት ማታ አልሠራሁም።

ባለፈው እሑድ ድፍረት አገኘሁና ያችን የፈተናዋን ወረቀት ከትዝታዬ ጻፍኳት። አናቷ ላይ አንዲት ነጥብ አደረግኩ፤ ሁለተኛዋ ዋና ላይ ብቻ። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። ፊታቸው ቆሜ አነበብኩ። "የዋና ፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ በደብረ ብርሃን ከተማ መግለጫ ሰጡ።" የመጀመሪያዋ ላላች፣ ሁለተኛዋ ጠበቀች። ፈገግ ብዬ ፍርዳቸውን ጠበቅኩ።

ጀበናውን ከእሳቱ አወረዱና ቀና ብለው አዩኝ።

"ደሞ እዚህ ብርድ ውስጥ ማን ሊዋኝ ነው?"