ውሃውን ስተወው ተሳካልኝ፦ ጠጣር ሎሽን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምሠራ

ያስጀመረኝ እጄ ነው። ሥራዬ በቀን ደጋግሞ እጅ መታጠብ ይፈልጋል። የጣቶቼ መጋጠሚያ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ማታ ሳሙና ሲነካው ያቃጥለኛል። ሎሽን ስቀባ ለአፍታ ደህና ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያው ነው። አንድ ቀን የሎሽኑን ጠርሙስ ገልብጬ ከጀርባው የተጻፈውን ዝርዝር አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ ያለው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር በብዛት ከገባው ነገር ስለሚጀምር፣ ከምቀባው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ውሃ ነው ማለት ነው። ውሃ ስላለበት ደግሞ እንዳይሻግት ፕሪዘርቫቲቭ ይጨመርበታል፤ ውሃውና ዘይቱ እንዳይለያዩም የሚያዋህዳቸው ሌላ ነገር ይገባበታል። ፕሪዘርቫቲቭ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም የሚያስፈራው ውሃ ኖሮበት ፕሪዘርቫቲቭ የሌለው ቅባት ነው። ግን ውሃውን ጭራሽ ብንተወውስ የሚል ጥያቄ ውስጤ ገባ።

ፈልጌ ያገኘሁት ጠጣር ሎሽንን ነው። ሲያዩት ሳሙና ይመስላል። እጅ ላይ ሲታሽ በሰውነት ሙቀት ከላዩ ትንሽ ትንሽ እየቀለጠ ይቀባል። የሚሠራው ከሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ቅርጹን የሚይዝ የንብ ሰም፣ ጠንከር ያለ የተክል ቅቤ (እንደ ሺአ ወይም ኮኮዋ) እና ፈሳሽ ዘይት። ቀላል ነው ብዬ ገባሁበት። ቀላልም ነው፤ ግን እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ሰም አባክኛለሁ።

የመጀመሪያውን ስሠራ ሁሉንም በማንኪያ ለካሁ። ሦስት ማንኪያ ሰም፣ ሦስት ማንኪያ ሺአ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት። የወጣው ነገር እንደ ሻማ ደረቀ፤ ቆዳዬን ይጎትተዋል እንጂ አይቀባም። ሁለተኛውን በዚያው ማንኪያ፣ በዚያው ቁጥር ሠራሁት። እሱ ደግሞ ልስልስ ብሎ ጣት ሲያርፍበት ይጎደጉዳል። ግራ ገባኝ። ችግሩ የተፈቀፈቀ ሰም ነው፤ ማንኪያ ላይ ሲጫን ብዙ ይይዛል፣ ላላ ብሎ ሲሞላ በመሃሉ አየር ስላለ ትንሽ ይይዛል። ዘይቱም ቢሆን 30 ሚሊ ሊትር ማለት 30 ግራም አይደለም፤ ከውሃ ስለሚቀል ወደ 27 ግራም ተኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም የምመዝነው በግራም ነው፣ ፈሳሹንም ጭምር። እንደኔ ከሆነ ሚዛን ከሌላችሁ ሌላውን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ግዙ። ትንሹ የኩሽና ሚዛን ይበቃል።

ሁለተኛው የሳትኩት ነገር እሳት ነው። ድስቱን ቀጥታ እሳት ላይ ጣድኩት። የንብ ሰም የሚቀልጠው 62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ የኮኮዋ ቅቤ 34 እስከ 38 ላይ፣ የኮኮናት ዘይት ደግሞ 24 አካባቢ። ማለትም ከመካከላቸው ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት እንኳ የሚፈልግ የለም። እኔ ግን ሰሙ እስኪቀልጥ ስጠብቅ ሥር ሥሩ ተቃጥሎ ቤቱን ጭስ ሞላው። ደግሞ አደጋ አለው፤ ሰምና ዘይት ከመጠን በላይ ከጋሉ እሳት ይይዛቸዋል። ይሄ ከደረሰ ውሃ በፍጹም እንዳትደፉበት፤ እሳቱ ይረጫል። ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን መድፈን ነው። አሁን የማደርገው ድስት ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ አድርጌ በቀስታ እንዲሞቅ መተው፣ ከዚያ ሙቀት የሚችል ጎድጓዳ ሳህን ከላይ ማስቀመጥ ነው። የሚያቀልጠው እንፋሎቱ ነው። ጥዬው አልሄድም፣ ስልክ ቢጠራም አላነሳም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ሦስተኛው ሙከራ ነው። ቆዳዬ ደርቋል፣ ስለዚህ ርጥበት ያለው ነገር ልጨምርበት ብዬ የእሬት ጭማቂ ከቀለጠው ጋር መታሁት። ነጭ ሆኖ፣ እውነተኛ ክሬም መስሎ ደስ አለኝ። ጠዋት ስነሳ ከቅርጽ ማውጫው ሥር ውሃ አቁሯል። እሱን ጠራርጌ የቀረውን መጠቀም ቀጠልኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አየሁ። ሻጋታ! ይሄንን ነው የተሰነጠቀ እጄ ላይ ስቀባ የከረምኩት። ሁሉንም ጣልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይትና ውሃ በመማታት ብቻ አይዋሃዱም። ባክቴሪያና ሻጋታ ለማደግ ደግሞ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ሰም፣ ቅቤና ዘይት ብቻ ያለበት ነገር ውስጥ ግን የሚያድጉበት ውሃ አያገኙም። ጠጣር ሎሽን ፕሪዘርቫቲቭ የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት ጠብታ ጭማቂ፣ የጽጌረዳ ውሃ፣ ሻይ፣ ምንም ይሁን ምን ውሃ ያለበት ነገር ሲገባ ይሄ ሁሉ ይፈርሳል። ማርም ሞክሬያለሁ፤ ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ወርዶ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ብዙ ሰው ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁና አይሻግትም ይላል። አይደለም። ቫይታሚን ኢ የሚያዘገየው ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ሽታው መለወጡን ነው፤ ባክቴሪያንም ሻጋታንም አይገድልም። ይሄን ልዩነት ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የተሠራ ቅባት ጤና ሊጎዳ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ እዚህ ጋ መሳሳት ነው።

ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑንም ማማሰያውንም ቅርጽ ማውጫውንም አጥቤ፣ በፎጣ አድርቄ፣ እንደገና አየር ላይ አቆያቸዋለሁ። እንፋሎቱም ተኖ ሳህኑ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ሳህኑን ሰፋ፣ ድስቱን ጠበብ አድርጌ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የመጣው አሸዋው ነው። ሺአ ያለበት ሎሽን ሲረጋ አንዳንዴ ሲነኩት አሸዋ አሸዋ ይላል። አልተበላሸም፣ ቆዳ ላይም ይቀልጣል፣ ግን ደስ አይልም። ሺአ ውስጥ ያሉት ቅባቶች የሚረጉበት ሙቀት የተለያየ ነው። በዝግታ ሲቀዘቅዝ አንዳንዶቹ ቀድመው ይረጉና ትልልቅ ቅንጣት ይሠራሉ። መፍትሔው ቅንጣቱ አንድም ሳይቀር እስኪጠፋ ማቅለጥ፣ ከዚያ ገልብጦ ቶሎ ፍሪጅ ማስገባት ነው። አሸዋ የሆነውንም መልሳችሁ አቅልጡት እንጂ አትጣሉት። ጠጣር ሎሽንን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ቢጠነክር ዘይት፣ ቢላላ ሰም ጨምሮ እንደገና ማቅለጥ ይቻላል።

አሁን የምሠራበት መጠን ለ100 ግራም እንዲህ ነው። ሰም 30 ግራም፣ ሺአ ወይም ኮኮዋ ቅቤ 35 ግራም፣ ፈሳሽ ዘይት 35 ግራም። ሙቀት በሚበረታበት ጊዜ ሰሙን 35 አደርስና ዘይቱን ወደ 30 አወርዳለሁ። መጀመሪያ ሰሙን ብቻ አቀልጣለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሙቀት የሚፈልገው እሱ ነው፤ ቅቤው ከሱ ጋር ከመጀመሪያው ሲግል መቆየት የለበትም። ሰሙ ፈሳሽ ሲሆን ቅቤውን፣ ከዚያ ዘይቱን። ዘይቱ ሲገባ ሰሙ ወዲያው ነጭ ነጭ እየሆነ ይረጋል፤ እንዳትደነግጡ፣ ሳህኑን እንፋሎቱ ላይ እንዳለ ማማሰል ነው፣ ተመልሶ ጥርት ይላል። ካወረድኩት በኋላ ግማሽ ግራም የሚሆን ቫይታሚን ኢ እጨምራለሁ።

ወደ ቅርጽ ማውጫው ከመገልበጤ በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰም አትርፎልኛል። አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አደርግና እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ቶሎ እንዲረጋ ፍሪዘር ውስጥ ካስገባሁት ግን አውጥቼ ወደ ክፍል ሙቀት እስኪመለስ ድረስ አልፈርድበትም። ከፍሪዘር የወጣ ነገር ሁሉ ጠንካራ ነው። አንዴ በዚህ ተሸውጄ ጠጥሯል ብዬ ዘይት ጨመርኩበት፤ ጠዋት ላይ ከመላላቱ የተነሳ ከቅርጽ ማውጫው ማውጣት አቃተኝ።

የዘይት ምርጫ የየሰው ነው። እኔ ጆጆባ እወዳለሁ፤ ዘይት ቢባልም በባሕርይው ፈሳሽ ሰም ስለሆነ ሽታው ቶሎ አይለወጥም። የወይራ ዘይትም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ከበድ ይላል። የኮኮናት ዘይት ሙቀት ሲጨምር ስለሚፈስ እሱን ብቻ ስትጠቀሙ ሎሽኑ ቀን ቀን ላዩ ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ ያወጣል። ቅባትነቱ የበዛባችሁ እንደሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች መጨመር ይቻላል፤ ከመገልበጡ በፊት በደንብ ካልተማሰለ ሥሩ ላይ ይዘቅጣል።

እሺ፣ ሎሽኑ ተሳካ። ግን እጄ አልዳነም ነበር! ሁለት ሳምንት ያህል ቀባሁ፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ያው ደረቅ ነው። ስህተቱ አቀባቤ ላይ ነበር። ይሄ ቅባት ለቆዳ ውሃ አይሰጥም። ውሃ የለበትማ፣ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? የሚሠራው ሥራ ቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን መያዝ ነው። ደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ የሚይዘው ነገር የለውም። ታጥቤ፣ በፎጣ መታ መታ አድርጌ፣ ቆዳዬ ገና ርጥብ እንዳለ ስቀባው ግን ሌላ ነገር ሆነ። የጣቶቼ ስንጥቅ በሳምንት ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። ከሎሽኑ ውስጥ ያወጣሁት ውሃ ቦታው ቆዳዬ ላይ ነበር። ይሄን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ርጥብ እጅ ስላችሁ ግን ጠጣሩን ውሃ በሚንጠባጠብ እጅ አትያዙት። ላዩ ላይ ውሃ ከቆየበት ያው የሸሸነው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ሻወር ቤት ውስጥ አላስቀምጠውም። ክዳን ባለው ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አኖረዋለሁ፣ የሠራሁበትንም ቀን ላዩ ላይ እጽፋለሁ። ሽታው እንደቆየ ዘይት ከሆነ ጊዜው አልፏል። መኪና ውስጥ አንዴ ረስቼው ቦርሳዬ በሙሉ ቅባት ሆኗል፤ ኮኮዋ ቅቤ በሰውነት ሙቀት የሚቀልጥ ከሆነ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን መገመት ነበረብኝ።

ስለ ሽቶ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የማዝንበት ነገር አለኝ። ከዕፅዋት የተጨመቀ የሽቶ ዘይት ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም ብዬ እንደልቤ ጨምሬ ለእህቴ ሰጠኋት። በማግስቱ ክንዷ ቀልቶ ያሳክካት ነበር። ተፈጥሯዊ ማለት ገር ማለት አይደለም። እነዚህ ዘይቶች ኃይላቸው እጅግ የበረታ ነው፤ አሁን ከጨመርኩ ከጠቅላላው ክብደት 1 በመቶ አላልፍም፣ ለ100 ግራም 1 ግራም ማለት ነው። ለፊትና ለሕፃን በሚሆነው ላይ ጭራሽ አልጨምርም። በተለይ ቤርጋሞትና ላይም ከሚባሉት የሎሚ ዓይነቶች ልጣጭ በቀዝቃዛው የተጨመቀው ዘይት ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል። አዲስ ነገር ስሠራም መጀመሪያ ክንዴ ውስጠኛው ክፍል ላይ ትንሽ ቀብቼ አንድ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ። ለሰው ስሰጥ የገባበትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ነው፤ የንብ ውጤት ወይም የለውዝ ዓይነት ዘይት የማይስማማው ሰው አለ።

ፊታችሁ ብጉር የሚወጣበት ከሆነ ኮኮናትና ኮኮዋ ያለበትን ፊት ላይ አትቀቡት፣ ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል። ደም የሚያወጣ ወይም የሚያመግል ስንጥቅ ካለ ደግሞ ይሄ የሐኪም ጉዳይ ነው፣ የሎሽን አይደለም።

ዕቃ ማጠቡ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የቀረውን ሰም በሙቅ ውሃ ለቅልቄ ቧንቧ ውስጥ ደፋሁት፤ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ዘጋው። አሁን ሳህኑ ገና ሙቅ እያለ በወረቀት ጥርግርግ አድርጌ ወረቀቱን ወደ ቆሻሻ እጥላለሁ፣ ከዚያ ነው ሳሙና የሚነካው። ለሰም የመደብኩት ሳህንና ማማሰያ ለብቻው ነው፣ ምግብ አልሠራበትም።

በዚህ ሳምንት የጀመርኩት ከንብ የሚገኝ ነገር ለማትጠቀም ጓደኛዬ ነው። በንብ ሰም ፈንታ ካንደሊላ የሚባለውን የተክል ሰም ነው የያዝኩት። እሱ ይበልጥ ስለሚጠነክር ግማሹን ያህል ነው የሚበቃው፤ 15 ግራም ላይ ጀመርኩ። ጠብታው ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ሲረጋ ጥሩ መስሎ ነበር፣ ስጫነው ግን ተሰነጠቀ። ነገ 12 ግራም እሞክራለሁ።