ካርታው የማያሳየው

በወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶባቸው በአመክሮ የወጡ ሰዎችን መከታተል ነው ሥራዬ። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚጠይቀኝ እግር ላይ ስለሚታሰረው ጂፒኤስ ነው። መሣሪያው ይረዳል። ሰውየው የት እንዳለ ይነግረኛል፤ ከማን ጋር እንዳለ ግን አይነግረኝም።

አንዱ የምከታተለው ሰው ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ወደ ትምህርት ቤት አይጠጋም፣ በሰዓቱ ቤቱ ይገባል፣ ከቡድን ሕክምናውም አይቀርም። ዳግም ወሲባዊ ጥቃት የመፈጸም ስጋትን በሚገምተው፣ ስታቲክ 99 አር በሚባለው መለኪያም ስጋቱ ዝቅተኛ ነበር። መለኪያው 10 ጥያቄዎች አሉት፤ በአብዛኛው የሚያየው ያለፈውን ታሪክ ነው። በዚህ ሳምንት የሆነውን አያውቅም።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ደወለች። «ወንድሜን አሳልፌ እየሰጠሁት መሰለኝ» አለችኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኳት። ቀስ እያለች ነገረችኝ። ከሥራ ተባሯል። እሷ ቤት መምጣት ትቷል። ስትደውልለት ይቆጣታል። አዲስ የሴት ጓደኛ ይዟል፤ ሴትየዋ ደግሞ ትንሽ ልጅ አላት።

እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ነገ ዛሬ አይባልም። አብዛኞቹ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች አድራጊውን ያውቁታል። ብዙ ጊዜም ሰውየው መጀመሪያ የሚያገኘው የወላጅን እምነት ነው።

ወዲያው ለአለቃዬና ለሥነ ልቦና ባለሙያው ነገርኩ። ማታውኑ ከባልደረባዬ ጋር ቤቱ ሄድን። ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር ያለ ፈቃድ ላለመገናኘት ፈርሟል። መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ አመነ። ደግነቱ ከልጁ ጋር ብቻውን ሆኖ አያውቅም። እናትየው እውነቱን እንድታውቅ ተደረገ፤ ጉዳዩም ለአመክሮ ቦርድ ቀረበ።

እህቱ እንድትደውል ያደረጋት ምንድን ነው? ሲፈታ ቤቷ ሄጄ አነጋግሬያት ነበር። ሰልይልኝ አላልኳትም። ከሰው ሲርቅ፣ ሲናደድ፣ መጠጥ ሲጀምር ቶሎ ንገሪኝ ነው ያልኳት። ቶሎ ከታወቀ ልጅም ይተርፋል፣ እሱም እስር ቤት ላይመለስ ይችላል። «ምን ምን እንዳይ ባይነግሩኝ ኖሮ ከፍቶታል ብዬ አልፈው ነበር» አለችኝ በኋላ።

እንዲህ ያለች እህት የሌላቸውስ? በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ አሠራር አለ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከእስር የወጣውን ሰው በየጊዜው ያገኙታል፤ ይደግፉታል፣ ፊት ለፊትም ይጠይቁታል። ማንም የሌለው ሰው ሲመደብልኝ ከሁሉ በፊት የማፈላልገው እንዲህ ያለ ቡድን ነው።